ስድስት መቶ አሥራ ሁለት እርምጃ

ዝም አይነቅዝም ብሎ የተረተው ሰው ማን እንደሆነ አላውቅም። ፍቅር ይዞት እንደማያውቅ ግን እምላለሁ። የመነጽር ባለሙያዋና የፖስተኛው ዝምታ ይኸው ሦስት ሳምንት ሆኖታል፤ ነቅዟልም። በእግር ተዙራ የምታልቀው ያቺ ትንሽ ከተማ ሁለቱ እንደሚዋደዱ በሙሉ ታውቃለች። ያላወቁት ሁለቱ ብቻ ናቸው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዕድ ነው።

ዛሬ ገና ለደረሰ ሰው ነገሩ እንዲህ ነው። እሷ የመጣችው ከትልቁ ከተማ ነው፤ ሥራ ደርሶ ለመመለስ ብቻ በየቀኑ ሦስት ሰዓት በሰልፍና በአውቶቡስ ከሚያልቅበት፣ ጎረቤት ከጎረቤት በመኪና ጥሩምባ ከሚተዋወቅበት አገር። ክሊኒኩ የአንድ ዓመት ኮንትራት ሲሰጣት «ዓመት ምን አላት፣ እንደ ቀልድ ታልፋለች» ብላ ነበር የተነሳችው። ሻንጣዋን ፈትታ ሳትጨርስ ግን እግሯ ከተማዋን ወደዳት። ከቤቷ ክሊኒኩ አሥራ አንድ ደቂቃ፣ ዳቦ ቤቱ ሦስት ደቂቃ፣ ወንዙ ዳር አምስት ደቂቃ። መንገዱ የተሠራው ለሰው ነው፤ ዳገቱ ሲጀምር አግዳሚ ወንበር አለ፣ ዳገቱ ሲያልቅም አለ። በመጀመሪያው ሳምንት ዳቦ ሻጩ ስሟን ሳይጠይቅ «መነጽር» ብሎ አወጣላት። በሁለተኛው ሳምንት መንገደኛው ሁሉ «መነጽር፣ ደህና አደርሽ?» ይላት ጀመር። በሦስተኛው ሳምንት መንገድ ላይ ስታስነጥስ ከፎቅ መስኮት «ይማርሽ!» የሚላት ሰው አገኘች። በትልቁ ከተማ ሠላሳ አራት ዓመት ስታስነጥስ ኖራ ከእናቷ በቀር ይማርሽ ያላት አልነበረም።

ፖስተኛው በዚያን ጊዜ የቤት ቁጥር 35ን 85 እያለ ማንበብ ጀምሮ ነበር። ሥራዬን ያሳጣኛል ብሎ ለማንም ሳይናገር፣ ሰው የሌለበትን ሰዓት ጠብቆ ክሊኒኩ ገባ። ለካችው። ከአንዱ ብሌኑ እስከ ሌላው ስልሳ አራት ሚሊሜትር። በሳምንት አርባ ሰው ትለካለች፣ የአርባውንም በነጋታው ትረሳለች፤ ይህችን ስልሳ አራት ግን ምን ቆርጧት ትርሳት! መነጽሩን ስታጠልቅለት ግድግዳው ላይ ያሉትን ፊደሎች እንዲያነብ ነገረችው። እሱ ያየው እሷን ነው።

«ለካ!» አለና ዝም አለ።

ለካ ምን እንደሆነ አሥር ወር ሙሉ አልነገራትም። ብቻ በየቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ባዶ ቦርሳውን ተሸክሞ ክሊኒኩ በር ላይ ይቆም ጀመር፤ በወንዙ ዳር አድርገው እስከ ቤቷ ይሄዳሉ። በሦስተኛው ወር «እርስዎ» ቀርቶ «አንቺ» ሆነች። በዘጠነኛው ወር ሁለቱም ከቤቷ በር ላይ ቆመው ቻው ማለት አቅቷቸው፣ ስለ ዝናብ አንድ ሰዓት አወሩ። ዝናብ አልነበረም።

ከዚያ ከሦስት ሳምንት በፊት ፖስተኛው ድንገት የሦስት ቀን ፈቃድ ወስዶ እህቱ ዘንድ ሄደ። ሲመለስ ሌላ ሰው ነበር። ክሊኒኩ በር ላይ መቆሙን ተወ። ደብዳቤ ይዞ ቤቷ መምጣቱንም ተወ። እናቷ ስልክ ላይ በደንብ ስለማይሰሙ በየሳምንቱ ደብዳቤ ይጽፉላት ነበር፤ የሳቸውም ደብዳቤ አንድ ጊዜ ቀጥ አለ። ክሊኒኩ ኮንትራቷን በአንድ ወር አራዝሞላት፣ በዚህ ዓርብ እስከ ስድስት ሰዓት ድረስ ወይ በቋሚነት ፈርሚ ወይ ቦታውን ልቀቂ ብሏታል።

ረቡዕ ማታ ወደ ቤቷ ስትሄድ የድንጋዩ ደረጃ ላይ ፊት ለፊት ተገጣጠሙ።

«እንደምን ዋሉ?» አላት።

«ዋሉ»! ሰባት ወር አንቺ ሲላት የኖረ ሰው!

«ደህና። ደብዳቤ የለኝም?»

«የለዎትም።»

«ከእናቴም?»

«ከማንም።» መሬት መሬት እያየ ነበር። ከዚያ ቀና አለና የቦርሳውን ማንገቻ አጥብቆ ያዘ። «መልካም ጉዞ ይሁንልዎት።»

ሄደ። ማን ጉዞ እንዳላት ነገረው? እሷ ራሷ ገና ያልወሰነችውን እሱ ወስኖ ሸኛት ማለት ነው። ደረጃው መሀል ተቀመጠች፤ የሚያልፈው ሰው ሁሉ «መነጽር፣ ምነው?» ይላት ነበር፤ «ጫማዬ ነው» አለች ለሁሉም። በሰላምታ በተሞላ ከተማ መሀል እንዲህ ብቻዋን የሆነችበት ቀን አልነበረም።

ሐሙስ ከሰዓት፣ መስኮቱ ስር ካለችው መሞረጃ ማሽኗ ላይ የአንድ ሽማግሌ የመነጽር መስታወት እያስተካከለች ሳለ፣ ቀና ስትል እናቷን አየች። እናቷ! የጉልበት ሕመማቸውን፣ ትልቁን ጥቁር ሻንጣቸውን ይዘው። ሻንጣውን የተሸከመው ደግሞ ፖስተኛው ነው። እናቷ እየሳቁ ነበር። ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ናቸው፤ በሥራ ዘመናቸው ሁለት ጊዜ ብቻ ስቀዋል ይባላል።

«እማዬ!» ብላ ወጣች።

«ብጽፍ ብጽፍ መልስ የለም። ሞታም እንደሆነ ልቅበራት ብዬ መጣሁ» አሉ እናቷ፣ አገላብጠው እየሳሟት።

«እኔም እኮ ካንቺ አንድ ነገር አልደረሰኝም!»

እናቷ ዓይናቸውን ወደ ሌላ ወሰዱ። ፖስተኛው ሻንጣውን ከደጃፉ አስቀመጠ።

«እዚህ ይበቃዎታል፣ እናቴ?»

«ይበቃኛል ልጄ። እደግ።»

ጎንበስ ብሎ ሲነሳ መነጽሩ ወደ አፍንጫው ጫፍ ተንሸራተተ። የመነጽሩ የግራ ክንድ ብሎን ላልታለች። ድሮ ቢሆን «ና ግባ፣ ላጥብቅልህ» ትለው ነበር፤ ሁለት ደቂቃ የማትፈጅ ሥራ። አሁን ግን የእናቷን ሻንጣ እጀታ ያዘች። እሱ በጣቱ ገፋ አድርጎ መለሰውና «ደህና ዋሉ» ብሏት ሄደ።

«ማነው?» አሉ እናቷ፣ ከኋላው እያዩ።

«ፖስተኛ ነው።»

«ፖስተኛ መሆኑንማ ቦርሳው ነግሮኛል» አሉ። ሌላ ጥያቄ አልጠየቁም። እናቷ የማይጠይቁት ነገር ካለ ወይ አልገባቸውም ወይ ከልክ በላይ ገብቷቸዋል፤ ያልገባቸው ነገር ደግሞ እምብዛም የለም። እሷ ግን ይህን ልብ አላለችም፤ ልቧ ያችን የላላች ብሎን ተከትሎ ሄዶ ነበር።

ዓርብ ጠዋት እናቷ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠው መንገዱን ይመለከታሉ። እሷ ልብስ ታጥፋለች። አንዱን ሸሚዝ ሦስት ጊዜ አጥፋ ሦስት ጊዜ ፈታችው።

«አልፈርምም፣ እማዬ» አለች ቀና ሳትል። «በሰባት ሰዓቱ አውቶቡስ አብሬሽ እመለሳለሁ።»

እናቷ አንድ ዓመት ሙሉ የጠበቁት ቃል ይህ ነው። በየደብዳቤው መጨረሻ «ቤቱ ጭር ብሏል» የሚሉት ይህን ለመስማት ነው። አሁን ሲሰሙት ግን ፊታቸው አልፈካም።

«ለምን?» አሉ።

«አንቺ አይደለሽ ነይ ነይ ስትይ የከረምሽው?»

«እኔን ተይኝ። ለምን ነው የምትመለሺው?»

«የሚያስቀረኝ የለም» አለች፤ ድምፅዋ መጨረሻው ላይ ተሰበረ። «ነበረ መስሎኝ ነበር። ተሳስቻለሁ። ስለዚህ አትጠይቂኝ በእናትሽ።»

ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል። ሸሚዙን ፊቷ ላይ አድርጋ አለቀሰች፤ ሦስት ሳምንት የታመቀው ሁሉ ወጣ። እናቷ ጉልበታቸውን ይዘው ተነሱና ሻንጣቸውን ከፈቱ። ከልብሳቸው ስር በሻሽ የተጠቀለለ ነገር አወጡ፤ ፈቱት።

ሦስት ደብዳቤዎች ናቸው።

«ሁለቱ የኔ ናቸው» አሉ። «ላንቺ የጻፍኳቸው። ተመልሰው እኔው ጋ መጡ።»

ፖስታዎቹን ተቀብላ አገላበጠች። በሁለቱም ላይ የሷ አድራሻ በሰያፍ ተሰርዞ በላዩ ላይ ሐምራዊ ማኅተም አርፏል፦ በተቀባይዋ ትእዛዝ የተዛወረ። ስሟን አየች። ቀኑን አየች። ከዚያ ሁሉ ነገር አንድ ጊዜ ታሰባት።

ከዓመት በፊት፣ የመጣች ቀን ፖስታ ቤት ገብታ ፎርም ሞልታ ነበር። የምትቆየው አንድ ዓመት ብቻ ነውና ከዚያ በኋላ የሚመጣላት ደብዳቤ ሁሉ ወደ እናቷ ቤት እንዲላክ አዝዛ፣ ቀኑን ጽፋ፣ ፈርማ። ኮንትራቱ ሲራዘም ፎርሙን ጭራሽ ረስታዋለች። የሰው ዓይን ስታቀና የምትውል ሴት የገዛ አድራሻዋ አልታያትም። የራሷ አሮባት የሰው ታማስል ማለት ይኸው ነው።

«ሦስተኛው?» አለች።

«ሦስተኛው ያንቺ ነው። ከፍቼዋለሁ።» እናቷ ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። «ከኔዎቹ ጋር አንድ ላይ ነው የመጣው። የባንክ ነገር መስሎኝ ከፈትኩት፤ ሳነበው ያው የባንክ አልሆነም። አራት ጊዜ አነበብኩት። ከዚያ ልጄ፣ ልደብቅሽ ምን ዋጋ አለው፣ ምድጃው ውስጥ ልጨምረው ነበር። ደብዳቤ አመላላሽ ለኔ ልጅ? አልኩ። አስተምሬ፣ አስተምሬ! ግን ውሸቴን ነው። ዶክተር ቢጽፈውም አቃጥለው ነበር። ብቻዬን መቅረት ፈርቼ ነው።»

እሷ ወረቀቱን ዘርግታ ነበር።

«ይህን ደብዳቤ እኔ ራሴ እንዳላደርሰው ብዬ ፈቃድ ወስጃለሁ። አሥራ ሁለት ዓመት የሰው ደብዳቤ ሳደርስ እጄ ተንቀጥቅጦ አያውቅም፤ የራሴን ግን እስከ ፖስታ ሣጥኑ እንኳ ያደረስኩት በመከራ ነው። በእጄ ብሰጥሽ ቆሜ መልስ የምጠብቅ ይመስልብኛል። ደብዳቤ ለሰው ጊዜ ይሰጣል።

ያን ቀን መነጽሩን ስታጠልቂልኝ ‹ለካ› ብዬ የተውኩት ነገር ነበር። ልጨርሰው። ለካ እስከዚያ ቀን በር እንጂ ሰው አላየሁም ኖሯል።

ብዙ የለኝም። ሁለት ክፍል ቤትና ደህና እግር አለኝ። ከደጄ እስከ ደጅሽ ስድስት መቶ አሥራ ሁለት እርምጃ ነው፤ ደጋግሜ ቆጥሬዋለሁ፣ አንድም አይጎድልም። ግማሹን ነይልኝ አልልሽም፣ ሁሉንም እኔ እመጣለሁ። በሩን ብቻ ክፈቺልኝ። የማይሆን ከሆነም አትቸገሪ፤ ዝም በይ፣ ይገባኛል። ፖስተኛው።»

ዝም በይ፣ ይገባኛል። እሷም ዝም ብላዋለች! ሦስት ሳምንት በየመንገዱ ዝም ብላዋለች! ወረቀቱን ደረቷ ላይ አደረገችው፤ ደስታው ከጸጸቱ ቀድሞ ይምጣ ጸጸቱ ከደስታው ለይታ አላወቀችም።

«ታዲያ ለምን አላቃጠልሽውም?» አለች በመጨረሻ፣ በቀስታ።

«ልጄ ታማ እንደሆነስ ብዬ መጣሁ። ደብዳቤውን ያመጣሁት ግን ለጻፈው ልመልሰው ነበር፤ ሰውየውን አይቼ፣ አጣጥዬ። ትናንት ከአውቶቡስ ስወርድ ያን ቦርሳ አየሁና ይሄ ነው አልኩ። አውቄ ነው ሻንጣዬን ያሸከምኩት።» እናቷ ወደ መስኮቱ ዞሩ። «ስድስት ቦታ አሳረፈኝ። አንድም ቦታ ደከመዎት ወይ አላለኝም። በየወንበሩ ‹እዚህ ጋ እኔ ትንሽ ይደክመኛል፣ እናቴ፣ ይታገሱኝ› ይላል። በሬ የሚያህል ሰውዬ! አባትሽ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በሠላሳ ዓመት እንዲህ ያለ ውሸት አልዋሸልኝም።»

እንባና ሳቅ አንድ ላይ መጣባት። እናቷ እግር ላይ ተንበረከከች፤ ማን ማንን ይቅር እንዳለ ሳይነገር ተቃቀፉ።

«ስንት ሰዓት ነው?» አሉ እናቷ ፀጉሯን እየዳበሱ። «አምስት ሊሆን ነው። ተነሽ። የሰባቱን አውቶቡስ እኔ ብቻዬን እይዘዋለሁ፤ ወንበሮቹን አውቄያቸዋለሁ። የምጽፍልሽ ደብዳቤ ግን ሁለተኛ ተመልሶ እንዳይመጣብኝ።»

በመጀመሪያ የገባችው ክሊኒኩ ነው። ፖስታ ቤቱ ይቀድም ነበር፤ እግሯም ወደዚያ ይስባት ነበር፤ ግን ጨክና አለፈችው። ሦስት ሳምንት ቆስሎ የከረመ ሰው እምቢ ሊላት ይችላል። እሱ እምቢ ቢላትም ከተማዋ እምቢ አላለቻትም፤ ይህ ፊርማ የእግሯና የከተማዋ ጉዳይ ነው። ቆማ ፈረመች። እስክሪብቶውን ስታስቀምጥ ፍርሃቱ ገና አሁን መጣ።

ፖስታ ቤቱ አንዲት ክፍል ናት። መስኮቱ ላይ የምትሠራውን ሴት ከተማው «እትዬ ማኅተም» ይላታል፤ ሃያ ዓመት ማኅተም መትታ አንድ ቀን አጣምማ አታውቅም።

«የአድራሻ ፎርም ይስጡኝ፣ እትዬ።»

«ሞልተሽ የለ እንዴ? ይኸውልሽ እኮ!» እትዬ ማኅተም ከመሳቢያ መዝዛ አሳየቻት። «በሦስት ሳምንት ሦስት ደብዳቤ ልኬልሻለሁ፣ አንዲት ሳላስቀር።»

«የሦስተኛው ላኪ ማን እንደሆነ አላዩም?»

«እኔ አድራሻ እንጂ ላኪ አላይም!» አለች፣ ቅር ብሏት።

ከመደርደሪያዎቹ ኋላ የደብዳቤ ክምር ወለሉ ላይ ሲበተን ተሰማ። ፖስተኛው ወጣ። መነጽሩ አፍንጫው ጫፍ ላይ ነው፤ አልገፋውም።

«ደብዳቤህን አነበብኩት» አለችው። ያዘጋጀችው ንግግር ሁሉ ጠፋባት። «ዛሬ። ከአንድ ሰዓት በፊት።»

«ዛሬ?» አለ። «በፈቃዴ ጊዜ የተካኝ ልጅ አላደረሰልሽም?» አንቺ ማለቱን ራሱም አላወቀ።

«እናቴ ጋ ነበር የሄደው። እናቴ ናት ያመጣችው።»

«እናትሽ… ትናንት…»

«በዚያ በጥቁሩ ሻንጣ ውስጥ። አንተው ተሸክመህ፣ ስድስት ቦታ አሳርፈህ፣ እኔው ድረስ አድርሰኸዋል።»

ፖስተኛው መስኮቱን ተደገፈ። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ደብዳቤ አጥፍቶ አያውቅም፤ የፈራውን አንዱን ደግሞ ሳያውቀው አደረሰ።

«ከፈቃድ ስመለስ ‹የመዛወሪያ ፎርም ሞልታለች› አሉኝ» አለ ቀስ ብሎ። «ደብዳቤዬ ከደረሰሽ በኋላ የሞላሽው መሰለኝ። መልሴ ይኸው ነው ያልሽኝ መሰለኝ።»

«ዝም በይ ይገባኛል ብለሃል። አልገባህም።» ወደ መስኮቱ ቀረበች። «አንድም አልገባህም!»

እትዬ ማኅተም ጉሮሮዋን ጠራርጋ አዲስ ፎርም በመስኮቱ አሳለፈች፤ ከዚያ ምንም እንደማይሰማ ሰው ማኅተሟን ትወለውል ጀመር። እሷ እዚያው ቆማ ሞላችው። ስም። አድራሻ። ከታች አንዲት መስመር አለች፦ አድራሻው የሚጸናው በጊዜያዊነት ነው ወይስ በቋሚነት? ከዓመት በፊት ይህችን መስመር ሳታስብ ነበር የሞላቻት፤ ጊዜያዊ ብላ፣ የምትሄድበትን ቀን ጽፋ። ዛሬ እስክሪብቶዋ ቆመ። ሰው በሕይወቱ ስንት ጊዜ ነው እንዲህ በግልጽ የሚጠየቀው?

«ቋሚ» የሚለው ላይ ምልክት አደረገች። ወረቀቱንም ለእትዬ ማኅተም ሳይሆን ለእሱ ሰጠችው።

«መልሴ ይኸው» አለችው። «በሩ ክፍት ነው።»

ፖስተኛው ፎርሙን በሁለት እጁ ይዞ፣ ሙያው እንዳስተማረው ከላይ ጀምሮ ቃል በቃል አነበበው። እታች ሲደርስ ወረቀቱ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ያ የላላ መነጽር አሁን ጭራሽ ሊወድቅ ሲል እሷ እጇን ዘርግታ ያዘችው፤ በሁለት ጣቷ ቀስ አድርጋ ወደ ቦታው መለሰችው። ስልሳ አራት ሚሊሜትር፤ ሳትለካ አገኘችው።

አያት። ዓይኑ እንባ አቅርሮ፣ መስታወቱ ጉም ለብሶ፣ ግን አያት።

«ለካ!» አለ።

ለካ ምን ብላ አልጠየቀችውም።